ስድሳ አራት ደረጃና የሚያስነጥስ ቁም ሣጥን

ጆሮ ላለው ሁሉ፣ በተለይም ጉልበት ላለው ይድረስ፦ በሕንፃችን አራተኛ ፎቅ የሚኖረው፣ ቁመቱ ከበሩ እጀታ ብዙም የማይርቀው፣ በማኅተም ቀራጭነት የሚተዳደረው፣ በዚህ ዓለም ላይ አንድም ነገር ጨርሶ የማያውቀው ጎረቤታችን ከዛሬ ጀምሮ «ሊቀ ሞካሪያን» ተብሎ እንዲጠራ ተወስኗል። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አልፏል። ድምፅ የሰጠሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቅሬታ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ ሊያመለክት ይችላል፤ ሊፍቱ አይሠራም።

እንዲህ ያለ ሰው በየሕንፃው አንድ አንድ አለ። በእናንተ ሕንፃ ከሌለ ራሳችሁን መርምሩ። ሞካሪ ሥዕል አይስልም፤ ሥዕል የሚሳልበትን አዲስ መንገድ ያገኛል። ልብ ወለድ አይጽፍም፤ እስከዛሬ የተጻፈው ሁሉ ለምን በተሳሳተ መንገድ እንደተጻፈ ያስረዳል። የኛውን «ዓመቱን ምን ስትሠራ ከረምክ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ግራ እጄን» ይላችኋል። እውነቱን ነው። ስድስት ወር ሙሉ በግራ እጁ ብቻ ጽፏል፤ በመጨረሻ ግራ እጁም እንደ ቀኙ ምንም የሚለው እንደሌለ ታወቀ። ተስፋ ግን አይቆርጥም። «ችሎታማ ሞልቷል፤ የጠፋው ዘዴ ነው» ይላል፤ ይህን ሲል ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስራል፣ ዘዴው እዚያ ተሰቅሎ የቀረ ይመስል።

እኔ የዘዴ ሰው አይደለሁም። መጻፍ የተማርኩት በወጣትነቴ በራሪ ወረቀት ላይ ነው። የበራሪ ወረቀት ዘዴው አንድ ነው፦ መጀመሪያ ላይ ትሳደባለህ፣ መሐል ላይ ትሳደባለህ፣ መጨረሻ ላይ «ይውደም» ብለህ ትሮጣለህ። ይህን ዓምድ ሠላሳ ዓመት የጻፍኩት በዚሁ ነው። የተለወጠ ነገር ቢኖር መሮጡ መቅረቱ ነው።

ስለ ማራገቢያው ልንገራችሁ። አንድ ሰሞን ሊቀ ሞካሪያን «የሰው እጅ ውሸታም ነው፤ ሥዕል በንፋስ ነው መሳል ያለበት» የሚል ሐሳብ ያዘው። ቀለሙን በጥብጦ ማራገቢያው ፊት አስቀመጠ፣ ሸራውን ከፊት ለፊቱ አቆመ፣ ማራገቢያውን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። መስኮቱን መዝጋት ግን ረሳ። ከመስኮቱ በታች የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ልብሱን የሚያሰጣበት ገመድ አለ። ሸራው ላይ አንዲት ነጠብጣብ አላረፈችም፤ እኛ ሳምንቱን ሙሉ ዐውደ ርእይ ለብሰን ስንሄድ ሰነበትን።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ይጠይቃል። እሱ በየቤቱ እየዞረ በር አንኳኳ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሸሚዝ የግራው ጥግ ነው። እንዳያጥቡት አደራ።»

«የምኑ ጥግ?»

«የሥዕሉ።»

በየሳምንቱ ቅዳሜ ሁላችንም እየለበስን ግቢው ውስጥ በየቦታችን ብንቆም ሥዕሉ ሙሉ እንደሚሆን አስረዳኝ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁበት። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ጥርስ ሐኪም ሁለት ቅዳሜ ቆሟል። እኔ አንድ ቅዳሜ። ለምን እንደቆምኩ አትጠይቁኝ፤ ጥግ የሌለው ሥዕል ያስጠላል።

ከዚያ ደግሞ የማኅተሙ ዘዴ መጣ። ጽሑፍ የረከሰው ቃል በነፃ ስለሚገኝ ነው አለ። ስለዚህ ልብ ወለዱን በብዕር መጻፍ ትቶ እያንዳንዷን ቃል ጎማ ላይ ይቀርጻት ጀመር። ለአንዲት ቃል አሥር ቀን የደከመ ሰው ትርፍ ቃል አይጽፍም፤ እዚህ ላይ፣ ሳልወድ በግዴ ነው የምለው፣ ተሳስቷል ማለት አልቻልኩም። በአራት ወር አሥራ አንድ ማኅተም ደረሰለት። የመጨረሻው «ነገር ግን» የሚል ነበር። እንዳጋጣሚ በዚያው ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ያዘዘውን «ጸድቋል» የሚል ማኅተም የሚወስድ ሰው ላከ፤ ሁለቱ ተቀያየሩ። መሥሪያ ቤቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየማመልከቻው ግርጌ «ነገር ግን» እያለ ሲመታ ሰነበተ። አንድም ባለጉዳይ አልተገረመም። የለመዱት መልስ ነበር።

ልብ ወለዱ አሥረኛው ቃል ላይ ቀረ። ከሱ በፊት የነበረው፣ ከጥያቄ በስተቀር ሌላ ዓረፍተ ነገር የሌለበት፣ ሰባተኛው ገጽ ላይ ቀርቷል፤ የሚመልስ ጠፍቶ። ከሱም በፊት የነበረው የት ላይ እንደቀረ ራሱም አያስታውስም።

ይህን ሁሉ መዝግባ የያዘች አንዲት ሴት አለች። ታላቅ እህቱ ናት። ምድር ቤቱ ላይ ልብስ ስፌት ቤት አላት፤ ከኋላው ባለችው ክፍል ትኖራለች። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ ይህን ጉድ በማሽኗ ያሳደገችው እሷ ናት። ጉልበቷን ያማታል። እሱ በየሳምንቱ እሑድ ምሳ ሊበላ ይወርዳል። ሱሪዬን ላሳጥር ሄጄ የተቀመጥኩበት አንድ እሑድ ጨዋታቸውን በጆሮዬ ሰማሁት።

«ጨረስክ?» አለችው ገና ሲገባ።

«ዘዴውን አገኘሁት፣ እታለም።»

«እሱንማ ባለፈውም አግኝተኸው ነበር። ጨረስክ ወይ ነው የምልህ።»

«ይኼኛው የተለየ ነው።»

«አንተ ልጅ፣» አለች መቀሷን ሳታስቀምጥ፤ ልጅ የተባለው አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ «እኔ ሱሪ ሰፍቼ አንደኛውን እግር ትቼ ለሰው ሰጥቼ አውቃለሁ?»

እኔ ሱሪዬን አየሁት። ሁለቱም እግሮች ነበሩ።

«እስቲ አንድ ቀን ውጪና ሥራዬን እዪልኝ፣» አላት።

«ለግማሽ ነገር ጉልበቴን አላወጣም። ስትጨርስ ጥራኝ፤ ያኔ በአራት እግሬም ቢሆን እመጣለሁ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ አልጠራትም። ስድስት ዓመት ሙሉ አልወጣችም።

እንግዲህ ወደ ደረጃው እንምጣ። ሕንፃችን ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ ስድሳ አራት ደረጃ አለው፤ በየፎቁ አሥራ ስድስት። ሊፍቱ ከቆመ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ባለፈው ወር አንድ ጠዋት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ በጠመኔ እንዲህ ተጽፎ ተገኘ፦ «አንድ ሰው ቁም ሣጥን ተሸክሞ ደረጃ መውጣት ጀመረ።» ሁለተኛው ላይ፦ «ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው ብለውታል።» ሦስተኛው ላይ፦ «ቁም ሣጥኑ አስነጠሰ።»

አዲሱ ዘዴ ይህ ነበር። በየደረጃው አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አንባቢ እየወጣ የሚያነበው፣ ከተሸካሚው ጋር እኩል የሚያለከልክበት። በመጽሐፍ ስለ ድካም የሚያነብ ሰው ተቀምጦ ነው፤ ይህ ማታለል ነው አለኝ።

የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ በማግስቱ መወልወያዋን ይዛ ከላይ ወደ ታች እያጠበች መጣችና ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ስወጣ አገኘኋት።

«ምን ያቆምሻል?»

«ማን እንዳስነጠሰ ሳላውቅ አላጥብም።»

በሳምንቱ ጠመኔው በሰው ጫማ እየጠፋ ስላስቸገራት «ወንድሜ፣ በዘይት ቀለም አድርገው፤ እኔም ልረፍ፣ አንተም እረፍ» ብላ ራሷ ትራፊ ቀለም አመጣችለት። አያችሁ፣ የሞካሪ በሽታ ተላላፊ ነው።

ታሪኩ እየወጣ ሄደ። አንደኛ ፎቅ ላይ «እዚህ አረፈ፤ አንቺም እረፊ፣ አንተም እረፍ» ይላል፤ ሰዉም ያርፋል። ስለ ሊፍቱ የሚያማርር ጠፋ። ታሪኩ ስድሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ትልቁ ጥፋት ታወቀ። ሊቀ ሞካሪያን ሰው እንደሚወርድም ረስቷል።

አስቡት። ማኅተም ቀራጭ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ፊደል ገልብጦ ሲጽፍ የኖረ፣ በዚያ በኩል ያለው ሰው እንዴት እንደሚያነብ ማሰብ ሥራው የሆነ ሰው። ግን ቤቱ ውስጥ ስለሚሠራ የሚወርደው በሳምንት አንዴ ነው፤ ያንንም ስለ ዘዴ እያሰበ። ሌላው ሕዝብ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ታሪኩን ከላይ ወደ ታች ያነበዋል፤ ማታ ሲመለስ ከታች ወደ ላይ። በመሆኑም ሕንፃው ለሁለት ተከፈለ። የጠዋት ወገን፣ በጥርስ ሐኪሙ መሪነት፣ ተሸካሚው ሌባ ነው ባይ ነው፤ ቁም ሣጥን ከሰው ቤት አውጥቶ መንገድ ላይ የሚጥል። የማታ ወገን፣ በአንደኛ ፎቋ ጡረተኛ መምህርት መሪነት፣ ተሸካሚው ቅዱስ ነው ይላል። ሁለቱ ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ቀረ። ይህን ስነግረው ሊቀ ሞካሪያን አፉን ከፍቶ አየኝና «ሰው ይወርዳል እንዴ?» አለኝ።

እኔ ከሁለቱም ወገን አልነበርኩም። የራሴ ቂም ነበረኝ። አርባ ስምንተኛው ደረጃ፣ ደጄ ላይ፣ እንዲህ ይላል፦ «እዚህ ፎቅ የሚኖረው ሰውዬ በሩን ገርበብ አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው።»

እኔ በር ገርበብ አድርጌ አላይም። በበሩ ቀዳዳ ነው የማየው።

ስለዚህ ጻፍኩ። የዛሬ ሁለት ሳምንት በዚህ ዓምድ ላይ «ሊፍት ለጠየቀ ሕዝብ ልብ ወለድ ተሰጠው» የሚል ጽሑፍ ያነበባችሁ ታስታውሱታላችሁ። የሕንፃውን ኃላፊ ሰደብኩ፣ ሊቀ ሞካሪያንን ሰደብኩ፣ ደረጃውን ሳይቀር «የተበላሸ ገጽ» አልኩት። ዘዴዬን ታውቁታላችሁ። ሰኞ ጠዋት መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «በደረጃው ላይ የተጻፈው ጽሑፍ የሕንፃውን ገጽታ ያበላሸ መሆኑ በጋዜጣ ጭምር ስለተገለጸ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ደረጃው በሙሉ ግራጫ ቀለም ይቀባል።» ስለ ሊፍቱ ቃል የለም።

በዚያው ቀን በሬ ተንኳኳ። ሊቀ ሞካሪያን ነው፤ ማስታወቂያውን ገንጥሎ ይዞታል። ለጸብ ተዘጋጀሁ።

«ማኅተሙን አዩት ጋሼ? እኔ ነኝ የቀረጽኩላቸው። ጥርት ብሎ ወጥቷል።»

«አየሁት።»

«አራት ቀን አለኝ። ሦስት ደረጃ ቀርቶኛል።» ቀና ብሎ አየኝ። «እርስዎ በየሳምንቱ ይጨርሳሉ። እንዴት ነው የሚጨረሰው?»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። «ወንበር ላይ ቁጭ ትላለህ፣» አልኩት፣ «ትጽፋለህ፣ ሲበቃህ ታቆማለህ።»

«ቁጭ ብዬስ ሞክሬ አላውቅም፣» አለ በቀስታ። አንድ ትልቅ ምስጢር የነገርኩት ነበር የሚመስለው። «ወንበር አለዎት?»

እሺ ሳልል ገብቶ የጽሕፈት ወንበሬን አነሳና ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ መውጣት ጀመረ። ተከተልኩት፤ እሱን ሳይሆን ወንበሬን ነው የተከተልኩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እዚህ ሕንፃ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ከደጄ በላይ ወጥቼ አላውቅም። የሰደብኩትን ሥራ ያነበብኩት እስከ አርባ ስምንተኛው ደረጃ ብቻ ነው። አርባ ዘጠነኛው እንዲህ ይላል፦

«ለተሸካሚው ግን የደጁን መብራት ሳያጠፋ ተወለት።»

እውነት ነው፣ የደጄን መብራት አላጠፋም። ደረጃው ጨለማ ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ከደረጃው አናት ወንበሬ ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ታች ሲያይ ዋለ። አልተነሳም፣ እጅ አልቀየረም፣ ማራገቢያ አላስነሳም። ከዚያ ወርዶ ስድሳ ሁለተኛውን ጻፈ፣ ስድሳ ሦስተኛውን ጻፈ። ስድሳ አራተኛው ላይ የጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ የሚሰማ ድምፅ የሚናገረው። ቃሉን አልነግራችሁም። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ያንን ቃል በየእሑዱ የምትናገር አንዲት ሴት ብቻ እንዳለች ግን ልደብቃችሁ አልችልም። አንብቤው ስጨርስ የምሰድበው ነገር ፈለግሁ። አጣሁ።

ማክሰኞ ወደ ስፌት ቤቱ ወረደ። የማሳጥረው ሱሪ የለኝም፤ አብሬው ወረድኩ።

«ጨረስኩ፣ እታለም።»

ማሽኗ ቆመ። «ዘዴውን?»

«ሥራውን።»

አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ ምስክር እንደምትፈልግ ሰው። ራሴን ነቀነቅሁ። ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችና «ጫማዬን አምጣልኝ» አለችው።

አሁን ችግሩን ስሙ። ሐኪሟ በቀን ከአሥራ ስድስት ደረጃ በላይ አልፈቀደላትም። መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ የባሰ ነው፤ ስለዚህ የደረሰችበት ታድራለች። ረቡዕ አንደኛ ፎቅ ደረሰች፤ መምህርቷ ቤት አደረች። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶባታል፤ በሳቅ። ጽዳት ሠራተኛዋ በርጩማና የስፌት ዕቃዋን ይዛላት ከኋላ ትወጣለች፤ ወንድሟ ከፊት ከፊት እየሄደ ሲያብራራ «አንተ ዝም በል፣ እያነበብኩ ነው» ትለዋለች። ጥርስ ሐኪሙ ጠዋት ሲወርድ አግኝቷት ተሸካሚው ሌባ ነው ሊላት ሞከረ፤ መቀሷን አሳየችው። ይህን የምጽፈው ሐሙስ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ደርሳለች። ነገ ደጄ ትደርሳለች። ሶፋዬን ከመጻሕፍት አጽድቻለሁ። ቅዳሜ የመጨረሻዋ አሥራ ስድስት ደረጃ ትቀራታለች። ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ደግሞ ቀለሙ ይመጣል።

ኃላፊው ዘንድ ሄጃለሁ። ቢሮው ምድር ቤት ነው፤ ሊፍት አይቸግረውም።

«እስከ እሑድ ቆዩልን፣» አልኩት።

«ጽሑፍዎን አንብበን ነው እኮ እርምጃ የወሰድነው። ደስ አላለዎትም?»

«እኔ የጻፍኩት ስለ ሊፍቱ ነው።»

«ሊፍቱ በሂደት ላይ ነው። ቀለም ቀቢው ግን ተነግሮታል።»

እንግዲህ የቀረኸኝ አንተ ነህ፣ ቀለም ቀቢው። ስምህን አላውቅም። ፊት ለፊት ቆሜ ልለምንህ አስቤ ነበር፤ ግን ሰው መስደብ እንጂ መለመን ስለማላውቅ በጽሑፍ ይቀለኛል። ቀለም እንዳይንጠባጠብ መጀመሪያ መሬቱ ላይ ጋዜጣ እንደምትዘረጋ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን እትም ሃያ ቅጂ መግቢያው ላይ አስቀምጥልሃለሁ፤ ሁሉም ይህ ገጽ ወደ ላይ ሆኖ። በወጣትነቴ ወረቀት ማሰራጨት የተማርኩት ለዚህ ኖሯል።

ደረጃ የሚቀባ ሰው ከላይ ጀምሮ ወደ ታች እንደሚወርድም አውቃለሁ። ከታች የጀመረ እርጥብ ቀለም ከኋላው ይዘጋበትና ላይ ይቀራል፤ ሙያህን ላስተምርህ አልመጣሁም። አንድ ቀን ብቻ ግን፣ ይህን ቃል ከኔ አፍ የሰማ ሁሉ ይታዘበኝ፣ በሌላ ዘዴ ሞክር። ከታች ጀምር። አትቸኩል፤ ጠርዝ ጠርዙን አሳምርለት። ቀለሙ እስኪደርቅ ላይ ብትቀር ወንበር አለ፤ የኔ ነው፣ ምቹ ነው። የሚያጫውትህ ሰውም አለ፤ ስለ ማራገቢያ ብቻ እንዳትጠይቀው። አርባ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ የደጄን መብራት በርቶ ታገኘዋለህ። እዚያ ቀና በል። ከላይህ አንዲት ሴት መደገፊያውን ይዛ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ካየህ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ብሩሽህን ባልዲው አፍ ላይ አስተኛውና…